ዳይመንድ የለሽም?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ አናጺው ቲጃኒ ቤት በረንዳ ላይ፣ ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ አለ። ጅማ ውስጥ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ቲጃኒ ግን «ወላሂ፣ ከዚህ በረንዳ ውጭ የሚችለው የለም» ይላል። ያስተማራቸው ድሮ ከአንዷ ተጫዋች ከፋንቱ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ህንዳዊ የፊዚክስ መምህር ነው። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ካርታውን ትቶላቸው ሄደ። ካርታው እያለቀ ስንቴ ተቀይሯል፤ ጨዋታው ግን እንዳለ ነው። ገንዘብ አይገባበትም። ቢገባበትማ የቲጃኒ ሚስት ሱሀይላ ሁሉንም ከነካርታቸው ታስወጣቸው ነበር።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው። ባልና ሚስቱ አንድ ወገን ናቸው። ጡረታ የወጣችው የሒሳብ መምህርት ፋንቱ ደግሞ ከአቶ ዋቅጅራ ጋር ናት። ዋቅጅራ ዕድሜውን የሊሙን የቡና ችግኝ ሲንከባከብ የኖረ ሰው ነው፤ ዝናብ ጣለ ጭቃ ሆነ ሳይል በየቅዳሜው ከሊሙ ገነት በሚኒባስ ይመጣል። ወንበር አይወድም። ቲጃኒ የጠረበለት ባለሦስት እግር በርጩማ አለው፣ እሱ ላይ ጉብ ይላል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ የፋንቱም ባል እንዲሁ።

ፋንቱ ትወደዋለች። ምን ማለባበስ ያስፈልጋል! ሱሀይላ ታውቃለች፣ ቲጃኒ ያውቃል፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን የምትሠራላት ልጅ እንኳ ታውቃለች። ሚኒባሱ የዘገየ ዕለት ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። ሳምንቱ ለእሷ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ሌላው ያንን መጠበቂያ ነው። ቃል ግን ትንፍሽ አላለችም። «በዚህ ዕድሜዬ!» ትላለች ለራሷ። ቀጥላ ደግሞ «እሱ ይጀምር እንጂ» ትላለች። ይህን ስትል ስንቱ ክረምት ወጣ።

ዛሬ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። የዋቅጅራ ልጅ ናርዲ ከአዳማ መኪና ተከራይታ አባቷን ልትወስደው መጥታለች። የሊሙ ቤት ተከራይቷል፣ ዕቃው ተጭኗል። ናርዲ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ብቻ ለካርታው ፈቅዳለታለች፤ ጥሩምባው ሲነፋ ይነሳል። ፋንቱ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ ቆርጣለች። ዛሬ፣ አንድ እጅ ከተጫወቱ በኋላ፣ «አይሂዱ» ትለዋለች።

ካርታው ታደለ፣ ለእያንዳንዱ ዐሥራ ሦስት። በየዙሩ ሁሉም አንድ አንድ ይጥላል፤ ካርታው እንደ ልብ፣ ዳይመንድና አበባ ያሉ አራት ዓይነቶች አሉት፣ መጀመሪያ የተጣለው ዓይነት ያለው ያንኑ መጣል አለበት። ከዚያ ዓይነት ትልቁን የጣለ ዙሩን ይበላል፣ ቀጣዩንም ይጀምራል።

«ዘጠኝ ዙር እበላለሁ» አለች ፋንቱ።

«ማሻአላህ! ዛሬ ደግሞ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?» አለ ቲጃኒ፤ ቀይ ልብም ጣለ።

በብሪጅ ሕግ ይህን ያህል ዙር እበላለሁ ብሎ ቃል የገባው ሰው ብቻውን ይጫወታል። ጓደኛው ካርታውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይዘረጋና ዝም ይላል፤ እነሱ «ዱዳ» ይሉታል። ከዱዳው ካርታ የቱ ይጣል የሚለው ቃል የገባው ነው። ዱዳ ምክር አይሰጥም፣ ፊቱን አያጨማድድም፣ የጓደኛውን እጅ አያይም። የተፈቀደለት አንድ ጥያቄ ነው፤ ጓደኛው በተጠየቀው ዓይነት ምትክ ሌላ ከጣለ፣ «የለህም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ ሰው ተሳስቶ ያለውን ካርታ ሳይጥል እንዳያልፍ። ፋንቱ በጀማሪነቷ ዳይመንድ ይዛ ሌላ ጥላ ጨዋታውን አበላሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋቅጅራ ሳይጠይቅ አልፎ አያውቅም። ሌላ ጊዜ «ወይዘሮ ፋንቱ፣ እርስዎ» የሚላት ሰው፣ ያኔ ብቻ ቀና ብሎ «ዳይመንድ የለሽም?» ይላታል። «የለኝም» ትለዋለች። ቲጃኒ «የሒሳብ መምህርት በዘበኛ ትጫወታለች» እያለ ያበሽቃታል። እሷ ግን ያችን ጥያቄ ለመስማት ስትል ብቻ ዳይመንዷን እስክትጨርስ ትቸኩል ነበር።

ዋቅጅራ ካርታውን ዘረጋ። ስድስት ዳይመንድ፣ ከላይ ሁለቱ ትልልቆቹ፣ አስና ንጉሥ፤ ከሌላው ዓይነት ያለው የማይረባ ነው። ፋንቱ የራሷን አየች። የቀይ ልብ አስና ንጉሥ፣ ከሌሎቹ ከሁለቱ ዓይነቶች አንድ አንድ አስ፤ ይህ አራት ዙር ነው። አምስቱ ከዋቅጅራ ዳይመንድ መምጣት አለበት። እሷ ያላት ዳይመንድ ግን ሁለት ትንንሽ ብቻ ነው።

«በይ እንጂ፣ ሴትዮ!» አለ ቲጃኒ።

«ተዋት፣ ታስብ» አለች ሱሀይላ።

አሰበች። እጇ የፈለገው በአሱ መብላት፣ ንጉሡን ማስከተል ነበር። የፋንቱ ጠባይ ነው፤ ያላትን ትልቅ ነገር ቶሎ ሰብስባ ጉያዋ ማስገባት። ግን ከዚያስ? ሁለቱ ትንንሾቿ ያልቃሉ። ቲጃኒና ሱሀይላ ዘንድ ገና አንድ ትልቅ ዳይመንድ ይቀራል። እሱን ከጣሉት በኋላ የዋቅጅራ ትርፎች ሁሉ ደህና ካርታ ይሆናሉ፤ እሷ ግን ወደነሱ የምትሻገርበት አንድም ዳይመንድ አይኖራትም። ያ ሁሉ ሀብት ፊት ለፊቷ ተዘርግቶ፣ እጇ ሳይደርስበት ጨዋታው ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ መሸነፍ አለባት። አሱና ንጉሡ እዚያው እያሉ፣ መንገዱ ሳይዘጋ፣ አንዱን ዙር በፈቃዷ መስጠት። እንዲህ ቀላል ነገር! ነገሩ የካርታ ብቻ አልመሰላትም። ቀና ብላ ዋቅጅራን አየችው። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕጉ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ልቡን በንጉሥ በላች። ትንሿን ዳይመንዷን ጣለች። «ከእርስዎም ትንሿን» አለችው።

«አስና ንጉሥ እያለሽ?» አለች ሱሀይላ፤ እየተገረመችም በጃክ በላች። ልብ መለሰች፤ ፋንቱ በአስ በላች። ከዚያ ሁለተኛዋን ዳይመንድ ወደ ዋቅጅራ አስ አሻገረች። ቀጥሎ ንጉሡን አስጠራች፣ ከራሷም እጅ አንድ የማይረባ አበባ ጣለች።

«ዳይመንድ የለሽም?» አለ ዋቅጅራ።

ድምፁ ከሌላው ቀን ዝቅ ያለ መሰላት።

«የለኝም» አለችው።

የቀሩት ዳይመንዶች ተራ በተራ ተበሉ፤ በሁለቱ አሶቿ ዘጠኙ ሞላ። ፋንቱ አፏን ከፈተች። ግን ቲጃኒ ማንን ያስወራል! «ቆይ፣ ቆይ! ሱሀይላ፣ ያኔ ልብ ባትመልሺ ኖሮ...» ብሎ ካርታውን እንደገና ዘረጋ፣ ሱሀይላ ተቆጣች፣ ተከራከሩ። ደስ ብሏት ነበርና ፋንቱም ገባችበት፤ እንዴት እንዳሰበችው ለማስረዳት ካርታዎቹን እያነሳች እያስቀመጠች። ሞኝ! ክርክሩ ሳያልቅ ውጭ ጥሩምባ ተነፋ።

ፋንቱ ዋቅጅራን እስከ በሩ ሸኘችው። መኪናው ውስጥ ናርዲ ከፊት ተቀምጣለች፣ ሆዷ ገፍቷል። ፋንቱ ከመኪናው ራቅ ብላ ቆመች።

«አይሂዱ» አለችው። «ጅማ ይቅሩ። ከእኔ ጋር።»

ዋቅጅራ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

«ማሎ፣ እባክዎ፣ ወይዘሮ ፋንቱ! ይህን ቃል አምና ክረምት ላይ ብሰማው ከጅማ ወጥቼ ሰኮሩ ከተማንም አላልፍ ነበር። አሁን ልጄ ልትወልድ ነው። ባሏ ያለው ሩቅ አገር ነው። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ታዲያ እርስዎስ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እኔማ ያለኝን ሁሉ ዘርግቼ ፊትዎ ተቀምጬ ነበር» አለ። «እርስዎ እስኪጫወቱ ነበር የምጠብቀው።»

እጇን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ «ነጋቲ» ብሎ ተሰናብቷት መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪታጠፍ ድረስ ፋንቱ ቆማ አየች። ከዚያም በኋላ ቆማ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀጉሯን አልተሠራችም፤ ግን መጣች። ሱሀይላ በርጩማውን ከቦታው አላነሳችውም። ቲጃኒ «ዱዳ እንደሆን አይናገር፤ ለሦስትም ይሆናል» ብሎ፣ አራተኛውን እጅ በርጩማው ፊት ገልጦ ዘረጋው። ሊያስቃት ብሎ ነው፤ ማንም አልሳቀም።

ፋንቱ ቃል ገባች፣ ተጫወተች። ከተዘረጋው ካርታ ዳይመንድ አስጠራች፤ ከእጇም አንድ አበባ ጣለች። ጥላም ቀና አለች። ጠበቀች። ቲጃኒ «በይ እንጂ» ሊል ሲል ሱሀይላ በእግሯ ነካችው። ፋንቱ ቀጠለች።

መጨረሻ ላይ ቲጃኒ የተጣሉትን ሲያይ ጮኸ፤ «ፋንቱ! ያኔ አበባ ስትጥዪ ዳይመንድ ነበረሽ እኮ! ይኸው!»

ካርታውን ተቀብላ አየችው፤ ትንሽ ዳይመንድ፣ ከሌላ ካርታ ኋላ ተጣብቃ የኖረች።

«ነበረኝ» አለች ፋንቱ፣ ባዶውን በርጩማ እያየች። «የሚጠይቀኝ አጣሁ እንጂ ነበረኝ።»