ከምስክሮቹ እንጀምራለን

በሕግ ትምህርት ቤቱ እንግዳ አይጠፋም ነበር። አንዱ ከፓሪስ፣ አንዱ ከሎንደን፣ ሌላው ደግሞ፣ ተማሪው ከየት እንደመጣ እስኪያጣራ፣ ንግግሩን ጨርሶ ይሄዳል። ኀሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ይሞላል፤ ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። እንግዶቹን ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበለው፣ የሚያስተረጉመውና የሚሸኘው የትምህርት ቤቱ መምህር አሥራተ ማርያም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቤልጅግ ተምሮ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መጻሕፍቱ ግን ዛሬም ከሣጥን አልወጡም። ዛሬ ነገ ሲል፣ በአገሩ ይቀር ወይም ወደ ቤልጅግ ይመለስ እንደሆነ ሳይቆርጥ፣ ሣጥኑን ጠረጴዛ አድርጎ ይበላበታል።

በ1958 ዓ.ም. በጥር ወር ፕሮፌሰር ሌርማን የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ንግግራቸው ስለ ጥንቱ የግእዝ የሕግ መጽሐፍ ነበር፤ አስቀድመው ግን ትምህርቱ በቦታው ሲሰጥ መስማት ፈለጉ።

«ይህን የሚያስተምር ሰው ታውቃለህ?» አሉት።

አሥራተ «አባቴ ናቸው» አለ።

አባቱ መምህር ወልደ ሐዋርያት ሰቆጣ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። እሱ ውጭ ሳለ ዓይናቸው ጠፋ። በዚያ ትምህርት ደግሞ መምህር ብቻውን አይናገርም፤ አንባቢው ግእዙን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል። ያለ አንባቢ ትርጓሜ የለም። የመጨረሻው አንባቢያቸው ገብረ አማኑኤል ወደ ደሃና ሄዶ ካገባ ወዲህ የማስተማሪያው ወንበር ባዶውን ተቀምጧል።

አሥራተ ወደ ሰቆጣ በሚወጣ ነጋዴ ቃል ላከ፦ «እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። ጉባኤ ይዘርጉልኝ። እኔው አነባለሁ።»

ላከውና ረሳው። በአባቱ ጉባኤ ልማድ በእንግዳ ፊት ያነበበ፣ መምህሩም ካባ ያለበሰው ሰው የመምህሩን ወንበር ተረክቦ እዚያው ይቀራል ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አባቱና የሰቆጣ ሰው ያንን ቃል እንዴት እንደሚሰሙት ግን አላሰበም።

ከኮረም ወዲያ ላንድሮቨሩ እየዘለለ፣ ፕሮፌሰሩም ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰቆጣ ሲደርሱ፣ ሰዉ ጉባኤው ከሚዘረጋበት የጽድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠብቋቸዋል። ጠላ ተጠምቋል፣ ማር ቀርቧል። ጎረቤት ሴቶች በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሉትና ሳቁ፤ ባይገባውም አብሯቸው ሳቀ። እኅቱ ወለተ ሐና አባታቸውን በምርኩዛቸው እየመራች መጣች። ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ፊቱን ዳበሱት።

«ከስተሃል።»

«መንገዱ ነው፣ የኔታ።» አባቱም መምህሩም ናቸውና ከልጅነቱ እንደ ተማሪው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል።

«እንግዲህ ትወፍራለህ» አሉ ፈገግ ብለው።

ፕሮፌሰሩ የድምፅ መቅረጫውን ከድንጋይ ላይ አኖሩ። ምንዋጋው የሚባል የሰፈር ሽማግሌ ዞሮ ዞሮ አየውና «አሥራተ፣ ይኼ ሣጥን ይጮሃል ወይስ ይነክሳል?» አለ።

«ይሰማል ብቻ፣ አባ ምንዋጋው።»

«መስማትማ እኔም እሰማለሁ፤ ማር ለምን አልቀረበልኝም?»

ሰዉ ሳቀ። አሥራተ መጽሐፉን ከአትሮንሱ ላይ ገለጠ። ምላሱ እንዳይተሳሰር ፈርቶ ነበር። ስለ ዳኞች የሚናገረውን አንቀጽ ጀመረ፤ ቃሉ ከነዜማው ከደረቱ ወጣ። አባቱ አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለው አዳመጡና ትርጓሜውን ያዙ። እሱ ሲያነብ እሳቸው ሲፈቱ ጥላው ዞረ። ስለ አድሏዊ ዳኛ ሲያብራሩ «ጆሮው ሁለት ሳለ በአንዱ ብቻ የሚሰማ፣ የራሱ ልጅ የተናገረ ለታ ሁለቱንም የሚከፍት» ሲሉ ምንዋጋው ጭኑን መታ። «ምላስህን ፈረንጅ አልቆረጠውም እንዴ!» አለው አሥራተን።

አንቀጹ አልቆ ስለ ምስክሮች ከሚናገረው ሲደርሱ ወለተ ሐና ጥቁር ካባ አመጣች። አዲስ ነው፤ ጠርዙ በወርቅማ ክር ተዘምዝሟል። መምህሩ በእጃቸው ትከሻውን ፈልገው አለበሱት። ሴቶቹ እልል አሉ። ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው ፎቶግራፍ አነሱ። ያን ጊዜ አሥራተ «ይቆይ፣ የኔታ» ማለት ይችል ነበር። ካባው ግን ሞቀው፤ ለጥቂት ጊዜ እሱም የሚቀር መሰለው።

ሰዉ ወደ ጠላው ሲሄድ፣ መቅረጫው ከድንጋዩ ላይ ገና እየዞረ ሳለ፣ አባቱ ክንዱን ያዙት።

«ነገ ከየት ነው የምንጀምረው፣ ልጄ?»

«ከምስክሮቹ ነው፣ የኔታ። ከምስክሮቹ እንጀምራለን።»

«ተመስገን። እንግዲህ ብሞትም ወንበሬ አይታጠፍም።»

በማግስቱ ማለዳ መምህሩ የኪዳን ጸሎት ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ላንድሮቨሩ ተጫነ። ወለተ ሐና ከበሩ ቆማ ታየው ነበር። ካባውን አጥፎ ሰጣት።

«ነገርሃቸው?»

«ሰው እልካለሁ። ትምህርቱ ሲዘጋ ደግሞ ራሴ …»

«ሰው አትላክ። እኔም አልነግርልህም። ካባውን ስሰፋ አባታችን በየስፌቱ የሚሉትን እኔ ነኝ የሰማሁት። ራስህ ግባና ንገራቸው።»

ፕሮፌሰሩ ከመኪናው ውስጥ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥቂት ተራመደ፤ የአባቱን ድምፅ ከካህናቱ መካከል ለይቶ ሰማው። ተመለሰና መኪናው ውስጥ ገባ።

ትምህርቱ ተዘጋ። አሥራተ ፈተና አርማለሁ አለ፤ ከዚያ ሌላ እንግዳ መጣ። በሰኔ ደጅይጥኑ የሚባል የሰቆጣ ማር ነጋዴ አገኘውና ሳይጠየቅ ነገረው።

«የኔታ በየማለዳው ከጽዱ ሥር ይቀመጣሉ። መጽሐፉ ተገልጦ ካባውም ከጎናቸው። ሰው ሲጠይቃቸው ‹ለመንግሥት ሥራ በድንገት ወስደውት ነው፤ እሱ ቃሉን ሰጥቶኛል› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

«እመጣለሁ በላቸው።»

«እሱንማ እሳቸውም ይሉታል» አለ ደጅይጥኑ።

በኅዳር ፕሮፌሰር ሌርማን ያቆዩትን ንግግር ለማድረግ ተመልሰው መጡ። አዳራሹ ሞልቶ ተማሪ መስኮት ላይ ተቀመጠ። አሥራተ እንደ ወትሮው ከጎናቸው ቆሞ እያስተረጎመ ነው። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ የሰቆጣውን ጉባኤ ለማሰማት ቴፑን ከፈቱት። ንባቡ ተሰማ፣ ትርጓሜው፣ የምንዋጋው ሳቅ፣ እልልታው። ተማሪው አጨበጨበ። ፕሮፌሰሩ መዝጋት ረሱ፤ በጠላ ጠጪዎቹ ጫጫታ መካከል የመምህር ወልደ ሐዋርያት ድምፅ ቀርቦ መጣ።

«ነገ ከየት ነው የምንጀምረው፣ ልጄ?»

«ከምስክሮቹ ነው፣ የኔታ። ከምስክሮቹ እንጀምራለን።»

«ተመስገን። እንግዲህ ብሞትም ወንበሬ አይታጠፍም።»

ተማሪዎቹ ወደ አሥራተ ዞሩ። ከፕሮፌሰሩ በቀር ያልገባው አልነበረም። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ወደ አሥራተ ዘወር ብለው በቋንቋቸው «ምን አሉ?» አሉት።

አሥራተ ማስታወሻውን አገላበጠ።

ከኋላ ፈንታሁን የሚባል፣ በሰቆጣ አቅራቢያ ካለችው ከአምደወርቅ የመጣ ልጅ ተነሣ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሊቀልድ የተነሣ መስሏቸው አንዳንዶቹ ቀድመው ሳቁ። እሱ ግን በትሕትና፣ የእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነበር የጠየቀው።

«መምህር፣ ታዲያ በነጋታው ጀመራችሁ?»

ቴፑ አልቆ ባዶውን ይዞራል። ፕሮፌሰሩ መልሱን እየጠበቁ ናቸው። አሥራተ ማስታወሻውን ከጠረጴዛው ላይ አኖረና በአማርኛ «አልጀመርንም» አለ። ከዚያ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ፣ የሚያስተረጉምላቸው ሰው አጥተው ግራ የተጋቡትን እንግዳ ትቶ፣ በተማሪዎቹ መካከል አልፎ ወጣ።

ሰቆጣ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ጽዱ ቆሟል፣ ከሥሩ ግን ማንም የለም። ወለተ ሐና ጥቁር ለብሳ ከቤት ወጣች። አልጮኸችበትም። እጁን ይዛ ከአትሮንሱ ፊት አቆመችው፤ መጽሐፉ ስለ ምስክሮች በሚናገረው አንቀጽ ላይ እንደተገለጠ ነው።

«ካባውስ?» አላት።

«አብሯቸው ተቀበረ።»

አሥራተ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቃል እንኳ አልሳተም። ከእያንዳንዱ ቃል ቀጥሎ ግን ለትርጓሜው ጊዜ እየሰጠ ይጠብቅ ነበር።