ክልከላውን ያኘከችው አሳማ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ባሕሩ ሸሽቶ የኮራሉ ዐለት ጀርባውን ብቅ ሲያደርግ፣ እንደ ልማዴ ማስመሪያዬንና ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። አሥራ አንድ ወንዶች መረባቸውን ታቅፈው አሸዋው ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው የክልከላው ምሰሶ ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ታስሮ የነበረው ዘንባባ መሳይ የናሜሌ ቅጠል ታኝኮ፣ ግማሹ ተተፍቷል።

ያ ቅጠል ቆሞ ሳለ በዚህ ኮራል ላይ ማንም መረብ አይጥልም፣ ዛጎልም አያነሳም። የመንደራችን አለቃ፣ አጎቴ ታሪፖዋ፣ "ሦስተኛው የቦዬ አዝመራ እስኪነሳ" ብለው በእጃቸው የተከሉት ነው። እኔ ደግሞ በየወሩ አርባ ሾጣጣ የባሕር ቀንድ አውጣዎች እለካለሁ። ዛጎላቸው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከሞላ በቂ እንቁላል ጥለዋል ማለት ነው። ባለፈው ወር የሞላላቸው አሥራ ሦስት ብቻ ነበሩ። አጎቴ በቦዬ ይቆጥራሉ፣ እኔ በሴንቲ ሜትር፤ የደረስንበት ወር ግን አንድ ነው። ገና ሁለት ወር ይቀራል። መረቦቹ ያን ጠዋት ቢወርዱ የዓመታት ጥበቃችን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

"ማስመሪያ መጣች!" አለ ካልሳፍ፣ የወንድሜ ልጅ። "አክስቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ኮራሉ ተከፈተ!"

"ማን ከፈተው?"

"አሳማ!" ሁሉም ሳቁ። "የሰው እጅ አልነካውም። ቅጠል ከወደቀ ወደቀ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሠርጌ ነው። ሁለት መቶ ሰው ጠርቼ ቦዬ ብቻ ላብላ?"

"አሳማህስ?"

"እሱማ ለሙሽራዋ አባት የሚሰጥ ነው። እሱ ከጎደለ ሠርግም የለ!"

አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው ደረሱ። ምሰሶውን ዞረው አዩት።

"ማን ጣለው?"

"አሳማ ነው፣ አባባ። ዱካውን ይመልከቱት።"

"እና አሳማ በዚህ መንደር ሕግ የለበትም? ክልከላ የሰበረ ቅጣቱ ምንድን ነው?"

"አንድ አሳማ" አለ አንዱ ከኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በቃ! አሳማው ራሱን ይክፈላ!"

ሳቁ ሲፈነዳ አንዱን መረቡ ከእጁ አመለጠው። አጎቴ ግን አልጨረሱም። "ባለቤቱ ዛሬውኑ ያምጣው። ቅጠሉ ይመለሳል፤ ኮራሉ እንደተዘጋ ነው።" በትራቸውን ወደ ካልሳፍ ቀሰሩ። "ትናንት ገመዱን በጥሶ ሲፈነጭ የዋለው የማን ነበር?"

የካልሳፍ ፊት ዐመድ መሰለ። እውነትም የእሱ አሳማ ነበር ሲፈነጭ የዋለው።

እኔ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ኮራሉ ተዘግቷል፤ ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም። ነገር ግን እነሱ ሲከራከሩ ጎንበስ ብዬ ዱካውን ስለካ ነበር። የግራ የፊት እግሩ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያትመው። ዘጠኝ ዱካ አየሁ፤ ዘጠኙም እንደዚያው። የካልሳፍ አሳማ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። ገና ግልገል ሳለች ጣቷን አጥር ያስቀረባት አንዲት አሳማ ብቻ ናት፤ እሷም አጎቴ በእጃቸው ፓፓያ የሚያጎርሷት ሲና ናት።

ብናገር አጎቴ ፍርዳቸውን ያነሱ ይሆናል። ፍርዱ ከተነሳ መረቦቹ ይወርዳሉ። ዝም ብል ደግሞ ልጁ በሰው ጥፋት ሠርጉን ያጣል። ዘጠኝ ዱካ ለክቼ ያየሁትን መዋጥ አልሆነልኝም።

"አጎቴ" አልኩ፣ "ይህች አሳማ የግራ የፊት እግሯ አንድ ጣት ብቻ ነው ያለው።"

አጎቴ መጥተው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ብዙ ቆዩ።

"ምናልባት ሌላኛው ጣት አሸዋው ላይ አላረፈ ይሆናል።"

"ዘጠኙንም ጊዜ?"

"ነፋስም ይጥለዋል እኮ።"

"ነፋስ ጥርስ የለውም፣ አባባ" አለ ካልሳፍ፣ አፉን በመረቡ ሸፍኖ።

ይህን ሲል ሲና እንደ ሁልጊዜዋ ጌታዋን ተከትላ ከዳገቱ ወረደች። ከአፏ ጥግ አረንጓዴ የናሜሌ ቅጠል ተንጠልጥሏል። የአጎቴ እግር ሥር ደርሳ ቆመችና ቀና ብላ አየቻቸው።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ምሰሶው ላይ ቁጭ አሉ፤ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ፈረድኩ፣ ፍርዱም ቤቴ ገባ" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱ። "ቃሌን በአሳማ አልለውጥም። ሲና ትከፈል፤ ቅጣት ደግሞ የመንደሩ ነው። መንደሩ ቅዳሜ የት ነው የሚበላው?"

"እኔ ሠርግ ላይ!" ብሎ ጮኸ ካልሳፍ።

"እንግዲያማ ማን ዓሣ አስፈለገው? መረባችሁን ይዛችሁ ጥፉልኝ!"

አዲሱን ምሰሶ አሳማ በማይደርስበት፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ተከሉት። ካልሳፍ ምሰሶውን ደገፈላቸው፤ አጎቴ ቅጠሉን በሦስት ቋጠሮ አሰሩት። እኔ አርባ ቀንድ አውጣዎቼን ለካሁ።

ቅዳሜ አጎቴ "ከሲና ሥጋ አልቀምስም" ብለው ምለው፣ ለጋለው የድንጋይ ምድጃ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው አረፍኩ።

"ስንቶቹ ደረሱ?" አሉኝ።

"አሥራ ዘጠኙ።"

"የቦዬውም ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሯል። አልተሳሳትንም።" አንዴ ወደ ጭፈራው፣ አንዴ በትከሻቸው ላይ ወደ ምድጃው አዩ። "ለመሆኑ... ከጎድኗ ትንሽ ተርፏል?"