የጎን በር

«ከመስገድዎ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለች ናምሂ፣ በእንግዳዋና በሟች እናቷ ፎቶግራፍ መካከል ቆማ። «እናቴ ፍርድ ቤት በየትኛው በር ነው የገባችው?»

እንግዳዋ ወይዘሮ ፒዮ የፍርድ ቤቱ የምስክሮች ድጋፍ ሠራተኛ ናት። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነበር። በለቅሶ አዳራሹ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ቀይ የሥጋ ሾርባ ሲጠጡ የነበሩት የገበያ ሴቶች ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዞሩ።

«አንቺ ልጅ! ለቀስተኛ ይከለከላል እንዴ?» አለች አክስቷ። «ጠላት እንኳ ሰግዶ፣ ሾርባውን ጠጥቶ ይሄዳል።»

«ሾርባውንማ ይጠጡ።»

«በፊት ለፊቱ በር» አለች ወይዘሮ ፒዮ።

በችሎቱ ቀን ናምሂ ከእናቷ ጋር አልነበረችም። ከፍርድ ቤቱ «እናትሽን በጎን በር እናስገባቸዋለን፤ ከተከሳሹ ወገን ጋር አይተያዩም» ስለተባለች ሥራ ገብታ ነበር። እናቷ ቹንሬ፣ ደረቅ ዓሣ ከምትሸጥበት መደብ አጠገብ አንድ ሰው ሚስቱን ወግቶ ሲገድል አይታለች፤ ለፖሊስም ተናግራለች። ችሎት ፊት ግን «አላየሁም» አለች።

«ስለ አንዲት የበሰበሰች ዓሣ እንኳ ዋሽተሽ የማታውቂ ሴትዮ!» ብላ ጮኸችባት ናምሂ። ቹንሬ አንገቷን ደፍታ ዓሣዋን መልቀም ቀጠለች። ከችሎቱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ልቧ ቆመ። አልታረቁም።

«የጎን በሩን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ምሳ ወጥቶ ነበር» አለች ወይዘሮ ፒዮ። «ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከተከሳሹ ወንድሞች ጋር። አንዱ... አንቺ የምትሳፈሪበትን አውቶቡስ ቁጥር ለእናትሽ ሲነግራቸው ሰማሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?» ናምሂ «እርስዎ» ማለቷን እዚህ ላይ ተወች።

«አለቃዬ መዝገብ ላይ አይግባ አለ። ቅጹ ላይ ‹ድጋፍ ተሰጥቷል› ብለን ሞላን።»

ናምሂ ወደ ፎቶግራፉ ዞረች። እናቷ የዋሸችው እሷን ለማዳን ነበር።

ፍርዱ ማክሰኞ ነው። ለቀስተኞች የሚፈርሙበትን መዝገብ አንስታ ባዶ ገጽ ገለጠች። «ጻፊው። የሰማሽውን፣ ሰዓቱን፣ የአለቃሽን ስም።»

«ሥራዬን አጣለሁ።»

«እኔ እናቴን አጥቻለሁ።»

አክስቷ ተነስታ እስክሪብቶ አቀበለች። «ጻፊ እንጂ፣ የኔ እመቤት። እኛም ከሥር እንፈርማለን፤ ሁላችንን በአውቶቡስ ቁጥር ያስፈራሩን እስቲ!»

ወይዘሮ ፒዮ ጻፈች። ከዚያ ለፎቶግራፉ ሁለት ጊዜ ሰገደች፤ ናምሂ አላገደቻትም።

የአዳራሹ አስተናጋጅ ለሟቿ የሚቀርበውን እራት አምጥታ ፎቶግራፉ ፊት አቀረበች፤ ማንኪያውንና የመመገቢያ እንጨቶቹን በስተቀኝ አስተካክላ ሄደች። ናምሂ ተንበርክካ አነሳቻቸው፤ በስተግራ አስቀመጠቻቸው። እናቷ ግራኝ ነበረች።