ሜሪ ከመምጣቷ በፊት

እና ዛሬም ነከሰኝ፣ አውራ ጣቴን፣ እዚያው ትናንት የነከሰኝ ቦታ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ጡረታ ወጥቶ ከአንድ በቀቀን ጋር የድንበር ድርድር ተቀምጧል፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፣ ሻለቃ ያልኩት ግን እኔው ነኝ። ብፌው የሱ ነው። ብፌው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የሱ ነው። መነጽሬን እዚያ ካስቀመጥኩ መነጽሬም የሱ ነው።

ደክሞኛል።

ሦስት ወር፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሁለተኛ ወፍ ቤት ከመግባቷ በፊት ይህን አድርጉ የሚለውን ሁሉ ከስልኬ እያነበብኩ፣ የነባሩን ወፍ የሽቦ ቤት ቦታ ቀይሩ፣ ቀየርኩ፣ አዲሷ ሠላሳ ቀን ለብቻዋ ክፍል ትቆይ፣ ክፍል ለቀቅኩ፣ ምግባቸውን ለያዩ፣ በድምፅ አስቀድማችሁ አለማምዷቸው፣ እሺ፣ እህቴ እትዬ ዘርፉ የሜሪን ጩኸት ቀድታ ላከችልኝ፣ ከፈትኩለት፣ በጥሞና አዳመጠ፣ ከዚያ ስልኩን ነከሰው።

ሜሪ የእህቴ ወፍ ናት። እህቴ ኩየራ ነው ያለችው፣ ሰባ አራት ዓመቷ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሚሲዮን ሰዎችን ልብስ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ የደከመ፣ ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ጥር ላይ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲሚንቶው ላይ የቆየች፣ ጎረቤት ነው የነገረኝ፣ እሷማ አዳልጦኝ ነው ብላ ዘጋችው፣ ዳግም ብትወድቅ ማን ይሰማል፣ ሜሪ ትሰማለች፣ ሜሪ ሰምታ ምን ታደርጋለች። በዚያው ሳምንት ደወልኩ፣ እትዬ በቃ ነይ፣ አዳማ ነይ፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሜሪንስ አለች፣ ሜሪንም ይዘሽ ነይ፣ ያ ሰይጣን ወፍህ ይገድላታል፣ አይገድላትም አለምደዋለሁ፣ እንግዲህ ስታለምደው እናያለን። እናያለን። እሁድ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፣ ለመደ ወይ፣ ትንሽ ቀረው እትዬ፣ እናያለን እንግዲህ። እኔ ኃይለጊዮርጊስ የወፍ አስተማሪ። ተማሪው ክፍል ደገመ።

ጥሩንባ። ቀነዓ ነው፣ የሰፈራችን ባለባጃጅ፣ ለሜሪ ያሠራሁትን የሽቦ ቤት ከብየዳ ቤት ይዞልኝ መጣ፣ አካም ፋዘር፣ ሽፍታው ታስሯል? ታስሯል ግባ፣ ኧረ እዚሁ ይሻለኛል፣ የነከሰውን ጆሮዬን አልረሳሁም። ያወርደዋል፣ ዞር ዞር አድርጎ ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል፣ ቆይ መምህር፣ እህትዎ ታላቅ ናቸው ታናሽ? ታላቅ። ሄደው ነዋ የጠየቋቸው? ጠይቄያታለሁ፣ በየእሁዱ። ሄደው ነው የምልዎ። በስልክ ነው። አይስቅም፣ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፣ ኧረ ይንቁ ፋዘር፣ ታላቅ እህት ባጃጅ ናቸው እንዴ በስልክ የሚጠሩት፣ እኛ ጋ ታላቅ ሰው ነይ አይባልም፣ ተሄዶ፣ ጉልበት ተስሞ፣ ዕቃቸውን ተሸክመን ነው የምናመጣቸው፣ ለወፍ ሦስት ወር ለፍተው።

እኛስ ጋ። እኛም ጋ እንደዚያው ነው እኮ። የት ሄዶብኝ ነው።

አባታችን የሞተ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ ኩየራ ስፌት ጀምራለች፣ ና ብላ ሰው አልላከችብኝም፣ መጣች፣ ራሷ መጣች፣ በእግር፣ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከአጎቴ ቤት እጄን ይዛ አወጣችኝ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ አንገትጌዬን አስተካክላ ግባ አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ለዚያች ሴት መስመር ደህና ሲሆን እደውላለሁ። ሜሪንስ ስትለኝ ስለ ሜሪ የምትጠይቀኝ መስሎኝ። ሰው ኮርቶ ቢሆንስ፣ ሰው አፍሮ ቢሆንስ፣ በወፍ ይሸፍነዋል ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ እውነቱን ካወራን፣ ትንሽ ቀረው ማለት ለኔም ተመችቶኝ ነበር። ሳሎኑ ጸጥ ያለ ነው። ወንበሬ የኔ ነው።

ቀነዓ፣ ኩየራ ልሄድ ነው፣ ቁልፉን ያዝ፣ ውሃውን ቀይርለት። በጓንት ከሆነ እሺ።

ሞጆ፣ የኮንቴይነር መኪኖች ሰልፍ፣ መቂ፣ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቋል፣ ረዳቱ ጠጋ በሉ ይላል፣ ወዴት እንደምጠጋ አይነግረኝም፣ ባቱ ላይ ቆምን፣ አሣ የያዙ ልጃገረዶች መስኮቱን ከበውታል፣ እደውላለሁ። እትዬ፣ ባቱ ደርሻለሁ። ዛሬ እሁድ ነው እንዴ? አይደለም። ምን ሆነህ ነው? ምንም፣ አንቺን ልወስድ ነው። ማን ና አለህ። ከጀርባዋ ሜሪ ትጮኻለች፣ ወፍህ ለመደ? አልለመደም እትዬ፣ የሚለምድም አይመስለኝም፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ለያይተን እናኖራቸዋለን፣ አንዱ በር ሁሌ ይዘጋል፣ ሌላ ዘዴ የለኝም። ሹፌሩ ሞተር ያስነሳል፣ ስልኩን የዘጋችው መሰለኝ፣ እትዬ፣ እትዬ፣ አለሁ አትጩህ፣ ምን ያስጮህሃል፣ ሻንጣው አልጋ ሥር ነው፣ እኔ ጎንበስ ማለት ከጥር ወዲህ አልችልም፣ አንተ ታወጣዋለህ።