የዱዓ ቀንበጥ

«መጀመሪያ የጀመርከው በምንድን ነው?» አለች ሲስተር ጋዲሴ፣ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ አሳርፋ።

ደሊል የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ስቦ መርፌ የበሳሳውን ክንዱን ሸፍኗል። በአዳማ ሙቀት ሹራብ! አባቱ ጋሽ ኡበይደላ ከጎኑ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ። ክሊኒኩን የመረጡት ከሱቃቸው ስለሚርቅ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ በሩ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ኡበይደላ!» ብሎ ጮኾባቸዋል። ሰላምታ ያሳፍራል? እንዲህ ባለ ቀን ያሳፍራል።

«በጫት» አለ ደሊል በመጨረሻ። «ከዚያ ጨብሲ መጣ፤ ምርቃናውን በቢራ መስበር። ከዚያ ሐሺሽ። ከዚያ... ይኸው።»

«ጫቱንስ ማን ሰጠህ?»

ጋሽ ኡበይደላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄን ያበላሸብኝ የወዬሳ ልጅ ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር። ከጎረቤታቸው ከአቶ ወዬሳ ጋርም በዚሁ ተኳርፈዋል። እውነቱን ግን ያውቁታል። ደሊል መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ሽማግሌዎች ጫት ይዘው በተሰበሰቡበት ዱዓ ላይ፣ ለስላሳውን ቀንበጥ መርጠው በገዛ እጃቸው አጎረሱት። ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። «አልወድም አባ፣ ይመራል» ቢላቸው ሽማግሌዎቹ ፊት አዋረደኝ ብለው ተቆጡ። «የዱዓ ጫት ሱስ አይሆንም! ምርቃት ነው!» ከምርቃት እስከ ምርቃና ያለችው አንዲት ፊደል መሆኗን ያኔ ማን አሰበ።

እሳቸውስ አርባ ዓመት ቅመው ምን ሆኑ? ሱቅ ከፈቱ፣ ልጅ አሳደጉ፣ ሐሺሽ የሚባል ነገር በዓይናቸውም አላዩ። ይህችን መልስ ለራሳቸው ስንቴ ሰጥተዋታል! ዛሬ ግን አልሠራችም።

«የወዬሳ ልጅ ነው የሰጠኝ» አለ ደሊል ቶሎ ብሎ።

ጋሽ ኡበይደላ ቀና አሉ። ልጃቸው አያያቸውም። የእናቱን ወርቅ ሰርቆ የሸጠው ልጅ፣ ስንቴ «አዋረድከኝ» ያሉት ልጅ፣ የአባቱን ገመና እየሸፈነ ነው፤ ያውም በራሳቸው ውሸት። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ጋዲሴ መጻፍ ጀመረች።

«አትጻፊው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ። እምቢ እያለኝ ያጎረስኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ኡበይደላ፣ የቃመ ሁሉ እኮ እዚህ አይደርስም።»

«የእኔ ልጅ ደርሷል።»

ጋዲሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እርስዎስ? አሁንም ይቅማሉ?» አለች።

«ጠዋት ቅሜያለሁ» አሉ። «እዚህ ለመምጣት ድፍረት እንዲሆነኝ ብዬ።»

ደሊል ዞሮ አያቸው። ጋዲሴ ከመሳቢያዋ ሌላ ባዶ ቅጽ አወጣች።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ኡበይደላ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣም። ስም መናገር እንዲህ ይከብዳል?

«ኡበይደላ ኢሕሳን ብለሽ ጻፊ» አለ ደሊል። «አባቴ ነው።»