የጥንድ ሩጫ

በትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ለአስራ አንድ ዓመት የጸና አንድ ሕግ ነበር፤ ማንም ብቻውን አይሮጥም። አሰልጣኙ ልጃገረዶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራቸዋል። አንዷ ከቆመች ሌላዋም ትቆማለች። ጥንዷን ጥላ የገባች፣ አንደኛ ብትወጣ እንኳ የሚያናግራት የለም።

ዘንድሮ ግን ቀበቶ ለሆዳቸው የማይበቃው ርዕሰ መምህር «ቀበቶ እናጥብቅ» አሉ። መጀመሪያ ሯጮቹን ከኋላ የምትከተለው ፒካፕ ቀረች። ቀጥሎ ነርሷ ተሰናበተች። በመጨረሻ ደግሞ ከአስራ ስድስቱ ሯጮች ስምንቱ ብቻ ይቆዩ ተባለ። አሰልጣኙን ጨነቀው። በቅጥነቷ ፌንጣ የሚሏት የእህቱ ልጅ ከሯጮቹ አንዷ ናትና ለዘመዱ አደላ እንዳይባል ፈራ። ስለዚህ ዘዴ የመሰለውን ነገር አመጣ፤ ከየጥንዱ ቀድማ የገባችው ትቆያለች። ብልህ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ ጉድ ሠራ።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። መንገዱ ደግሞ ከድንጋይ መፍጫው የሚወጡ ገልባጭ መኪናዎች የሚከንፉበት ነው። አስራ አምስቱ ገቡ። አሰልጣኙ ሰዓቱን እያየ አምስት ደቂቃ ጠበቀ፤ አስር ደቂቃ ሆነ። ፌንጣ የለችም። የፌንጣ ጥንድ፣ ሎጋዋ ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ የውኃ ኮዳዋን ታሻሻለች።

«ፌንጣስ?» አላት።

 እንባዋ ቀደማት።

«ኩርባው ጋ ወድቃለች ቲቸር። ስትጠራኝ ሰምቻለሁ። ግን አውቃ ልታስቆመኝ ብላ መሰለኝ።»

አሰልጣኙ ሮጠ። በሃምሳ ዓመቱ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ገልባጮቹ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ይላሉ፤ ሲያልፉት መሬቱ ይርዳል። እሱን ያላየ ሹፌር መንገድ ላይ የወደቀች ቀጫጫ ልጅ እንዴት ያያል? እህቱ አደራ ብላዋለች። በምን አፉ ይነግራታል? ሊጣራ አሰበና አፉን ያዘ፤ ጠርቷት ባትመልስለትስ?

ኩርባው ላይ አንድ ገልባጭ ቆሟል። ሹፌሩ ወርዶ ከጎማው ፊት አጎንብሷል፤ ቀና ሲል በእጁ የልጅ ጫማ ይዟል። 

«ይቺን ጫማ አይቼ ነው ፍሬን የያዝኩት» አለ ሹፌሩ ወደ መንገዱ ዳር እየጠቆመ። «ልጅቷ እዚያ ናት።»

ፌንጣ በአንድ እግሯ ብቻ ተጫምታ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀምጣለች። እየዳኸች ነው ከአስፋልቱ የወጣችው፤ ክርኗ ተልጧል፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አሰልጣኙ ተንበርክኮ እቅፍ አደረጋት። ከሷ ይልቅ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነበር። ትንሽ ሲረጋጋ፣ ያቺ ጥላሽ የሄደች ልጅ ዛሬ ታገኛታለች ብሎ መዛት ጀመረ።

«እሷን እንዳትቆጣት ጋሼ» አለችው ፌንጣ። «እኔም ብሆን አልቆምላትም ነበር።»