ለሚካኤል የተባለች ብር

ወንድይራድ እንደ ሰው ሁሉ ጥላ ብሎ ቢሳል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ሰው ለታቦት ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል። ኦስሎ ያለችው ቤተክርስቲያናቸው ዕቃ ቤትማ በስለት ጥላ ተጣቦ ዲያቆናቱ በጎን ነው የሚገቡበት። እሱ ግን ማንም ያላስገባውን ላስገባ አለ። ሚስቱ ሠናይት ጡቷ ላይ በወጣው ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና በገባችበት ጠዋት፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር ግድግዳ ተደግፎ፣ «ቅዱስ ሚካኤል፣ ይህችን ሴት በሕይወት አውጣልኝ እንጂ፣ ከዚህ አገር መሬት ቆፍሬ የማገኛትን የመጀመሪያዋን የብር ሳንቲም አስገባልሃለሁ» አለ።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዚያው ሳምንት መሐል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ የሚያጸዳው መሥሪያ ቤት ምድር ቤቱን ሲያስጠርግ፣ አንድ ባለቤት ያጣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ወደ ቆሻሻ ሲጣል አይቶ ሮምሶስ ሰፈር እስካለው ቤቱ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶት ነበር። የጨነቀው ሰው አእምሮ ቅርቡ ያለውን ነው የሚያነሣው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ያልጨበጠውን እንደተሳለ የገባው።

ሠናይት ዳነች። ሚካኤል የበኩሉን አደረገ፤ የቀረው የወንድይራድ ድርሻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በረዶ መሬቱን ካልሸፈነው በስተቀር ቅዳሜን ቤቱ ውሎ አያውቅም። ከጎረቤት ሰፈር ከፉሩሴት አውቶቡስ ይይዝና ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የኤይቪን እርሻ ይሄዳል። ኤይቪን ሰማንያን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። ኖርዌጅያንኛ አንቱታ ስለሌለው ወንድይራድ በአፉ አንተ፣ በሆዱ እርስዎ ይላቸዋል። እሳቸውም እህል ባልቆመበት ማሳ ሁሉ እንደ ልቡ እንዲቆፍር ፈቅደውለታል። መሣሪያውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ሲጮህ ይንበረከካል፤ ይቆፍራል፤ የቢራ ቆርኪ ያወጣል። ደግሞ ይነሣል። ደግሞ ይጮሃል። የፈረስ ጫማ ሚስማር። የትራክተር ብሎን። ምኑ ቅጡ። የመዳብ ሳንቲምም አግኝቶ ያውቃል፤ ብር ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት እየተነሣ የሰው ወለል ሲወለውል የሰነበተ ወገብ ቅዳሜ ደግሞ ጭቃ ላይ ይታጠፋል። ደከመው። በእውነት ደከመው። አንዳንዴ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተንበረከከ ዓይኑን ይጨፍንና ለመነሣት ጉልበት ያጣል።

ለሠናይት አልነገራትም። ስለት ሳይገባ አይወራም ብለው ነው ያሳደጉት። እሷም መጀመሪያ መጀመሪያ ማታ ሲመለስ «ዛሬስ?» ትለው ነበር። «ቆርኪ» ይላታል፤ ይሳሳቃሉ። በኋላ መጠየቁን ተወችው። ጓደኞቿ ስልክ ሲደውሉ «ወንድይራድ ወርቁን ሊያመጣ ሄዷል» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እሱ ከቁፋሮ ተመልሶ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ይህንን ይሰማል።

በኅዳር ወር፣ ድንች ከተነቀለበት ማሳ ጥግ፣ መሣሪያው ጮኸ። ወንድይራድ ድምፁን እንኳ አላመነውም። ቆርኪ ነው ብሎ ሊያልፈው ምንም አልቀረው። ሲቆፍር ግን ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ስስ፣ ግራጫ ነገር ከጭቃው ወጣች። ዘውድ አለባት። «ተመስገን» ሊል አፉን ሲከፍት ኤይቪን ቡና በቴርሞስ ይዘው ከኋላው ደረሱ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሳንቲሟን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አገላበጧት። «ብር ናት» አሉ። «1644 ይላል። ያኔ እኛም የዴንማርክ ንጉሥ ገባሮች ነበርን። መርከቦቹ ሕንድ ድረስ ቅኝ ግዛት ሊያቀኑ ይሄዱ ነበር። ማን ያውቃል፣ ከመርከብ የተመለሰ የዚህ ቤት ልጅ ጥሏት ይሆናል።» ሣቁ። ቀጥለው የወንድይራድን ትከሻ መታ አደረጉና፣ «ከ1650 በፊት የተሠራ ሳንቲም የመንግሥት ነው፤ ታውቃለህ አይደል? ሰኞ ሙዚየም እወስድሃለሁ። እስከዚያ አንተው ያዛት፤ ያገኘሃት አንተ ነህ» አሉት።

ያውቃል። ፈቃድ ሲሰጡት በመጀመሪያ የነገሩት ይህንን ነበር። ግን ከስንት ዘመን ሳንቲም መካከል የእሱ ዕጣ በስድስት ዓመት ከመስመሩ ወዲያ ትወድቃለች ብሎ ማን ያስባል? ትንሽ ዘግይተው ቢሠሯት ምን ነበረበት።

በማግሥቱ እሑድ የሚካኤል በዓል ተከበረ። ወንድይራድ ሳንቲሟን በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ። ታቦቱ ሲወጣ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ እሱ የስለት ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ቋጠሮውን በኪሱ ውስጥ ይዳስሳል። ቢያስገባት የሰረቀውን ለመልአክ ማቅረቡ ነው፤ ኤይቪንም «ያዛት» ብለው ያመኑትን ከድቶ ነገ በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ባያስገባት ደግሞ ስለት በላ ማለት ነው፤ ሠናይት ደግሞ ማክሰኞ ሆስፒታል ኮንትሮል፣ የክትትል ምርመራ፣ አለባት። ሌላ ብር ገዝቶ ቢተካስ? እሱንም አስቦታል። ግን «የመጀመሪያዋን» ብሎ ለምኖ፣ ከተፈጸመለት በኋላ በሱቅ ዕቃ መልአክ ማታለል ለእሱ ቀልድ ሆኖ አልታየውም። አንዲት ሴትዮ ጥላ ታቅፋ አልፋው ሄደች። ቀናባት። ቋጠሮውን ሳይፈታ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰኞ ሙዚየም ያለችው ልጅ ሳንቲሟን በነጭ ጓንት ተቀብላ ስሙን ጠየቀችው፤ አጻጻፉ ሁለቴ ተሳሳተባትና ይቅርታ አለችው። ኤይቪን የራሳቸው ልጅ የተሸለመ ያህል ደስ አላቸው። ወንድይራድ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያች ስስ ብረት ጋር ሚስቱንም አሳልፎ የሰጠ መስሎ ነበር የተሰማው።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሠናይት ሶፋው ላይ ሆና ለነገው የምትለብሰውን ሸሚዝ ቁልፍ ትሰፋ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ኮሪደሩን፣ ስለቱን፣ ሳንቲሟን፣ ሣጥኑ አጠገብ መቆሙን፣ ሁሉንም ነገራት። «ነገ ክፉ ነገር ከነገሩን በኔ ነው፣ ሠኒ። ስለቱ አልገባም» አላት።

መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰክታ አስቀመጠችው።

«ለኔ ብለህ ነው እንዴ ስትቆፍር የኖርከው?»

«ያ፣ አዎ።»

«እኔኮ የሸሸኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ የደከመ ነበር። «ጡቴ ከተቆረጠ ወዲህ፣ አብረን የምንውልባት አንዲት ቀን ስትመጣ መሣሪያህን ይዘህ ውልቅ ትላለህ። ሰውየው እኔን ማየት ከብዶታል፣ እንዳይተወኝም እግዜርን ፈርቷል እያልኩ ነው የኖርኩት። ስትወጣ መስኮት ላይ ቆሜ አይሃለሁ። አንድ ቀን ዞር ብለህ አይተህ አታውቅም።»

«ናይ፣ አይደለም ሠናይት፣ በሚካኤል...»

«ሚካኤልን ተወው። አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ስለት አይነገርም ሲሉ...»

«አይነገርም ሲሉ ሰምተሃል፤ እኔ ስሞት ስድን ግን ዝም ብለህ ቆፈርክ።» ውጭ መኪና እየተንደረደረ የሮምሶስን አቀበት ሲወጣ ይሰማል። «አይዞህ፣ ስለትህ ገብቷል» አለችው በመጨረሻ። «ቅዳሜዎቼን አስገብተህለታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

የወንድይራድ እንባ መጣ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም፤ ለመደበቅ እንኳ አቅም አልነበረውም። «ይቅር በይኝ» አላት።

ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችውም። ጭቃ ከሥሩ የማይለቅ ጥፍር ያለውን እጁን ሳበችና በቀሚሷ ውስጥ አስገብታ ጠባሳው ላይ አኖረችው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ነክቶት አያውቅም ነበር።